ኮንጎ ጫማና ሥራ የፈታ ውሻ

አብደራፊ ላይ ቆሞ «ጉልበት የተረፈው ውሻ ክረምቱን ቤት ውስጥ በምን ይዝናና?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ ሳቅ ነው። በሳቁም አይፈረድም። ጥያቄው ተወልዶ ያደገው በረዶ እስከ ጉልበት በሚደርስበት፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተሰናብታ በምትሄድበት አገር ነው። አብደራፊ ብርድ የሚባለውን ነገር የምታውቀው ከደጋ ለአረም የሚወርደው ሠራተኛ ትከሻ ላይ ባየችው ጋቢ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ጋቢውን አጣጥፎ ትራስ ያደርገዋል። ከዚያም በላይ መዝናናት የሚሉት ጉዳይ ለሰውም ቢሆን ሰሊጡ ተሸጦ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ የተረፈ ካለ የሚታሰብ ነው። በዚህ ሰልፍ ላይ ውሻ ከሰው ፊት ይቁም ብሎ የሚከራከር ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ይህ ጽሑፍ ያን ያህል አይደፍርም፤ ውሻው ከሰልፉ ጨርሶ አይባረር ብቻ ይላል። ምክንያቱም ክረምት ላይ ሥራ ያጣ ውሻ የሚያስከፍለው ዋጋ፣ ለውሻው ሥራ መስጠት ከሚያስከፍለው እጅግ ይበልጣል። ሒሳቡን አብረን እናያለን።

ከአየሩ እንጀምር። አብደራፊ ያለችበት ምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ውሻ ቀርቶ ጅብም ጥላ ይመርጣል። በዚያ ወቅት ውሻውን አዝናኑት የሚል የለም፤ እሱም አይጠይቅም። ከዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሆዱን ቀዝቀዝ ያለ አፈር ላይ ለጥፎ፣ ምላሱን አውጥቶ ቀኑን ይገፋል። ችግሩ የሚመጣው ሰኔ ሲገባ ነው። ዝናቡ አየሩን ያበርደዋል፤ የውሻው ጉልበት ይመለሳል፤ ጉልበቱ በተመለሰበት ሰሞን ግን መሬቱ ይዘጋል። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥና የሚጣበቅ አፈር ነው። ትራክተር ይይዛል፤ የጭነት መኪና ያሳድራል፤ የሰውን ኮንጎ ጫማ ከእግሩ ነጥቆ ያስቀራል። ብርሃን ግን አይጎድልም። እንዲያውም አብደራፊ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን የሚውለው በዚያው በሰኔ ሲሆን ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል፤ አጭሩ የታኅሣሥ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት አያንስም። የስቶክሆልም ውሻ ብርሃን አጥቶ ቤት ሲውል፣ የአብደራፊው ሙሉ ብርሃን እያየ እግሩን የሚያሳርፍበት ደረቅ መሬት አጥቶ ይውላል። የትኛው እንደሚብስ ሁለቱ ተገናኝተው ቢነጋገሩበት ደስ ይል ነበር።

ሁሉም የአካባቢው ውሻ በዚህ ሥራ መፍታት ውስጥ የለበትም። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» የሚለው ተረት የተተረተው ደጋ ላይ መሆን አለበት። በአብደራፊ ዙሪያ ባሉት የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻዎች ውሻ ከሠራተኛው ጋር ካምፕ ገብቶ ከሠራተኛው ጋር የሚከርም ባልደረባ ነው። ክረምት ለእሱ የሥራ ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ አረም ሲታረም፣ ሌሊት ጅቡን፣ ቀን ከርከሮውንና ዝንጀሮውን ያባርራል፤ ድካም የጣለው ሁሉ ተኝቶ ሳለ እንግዳ ኮቴ ሲሰማ የሚናገረው እሱ ነው። ደክሞት ከእሳት ዳር በተጋደመበት «ምን ላጫውትህ?» የሚል ሰው ቢመጣበት መልሱ ንክሻ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጉዳይ የከተማው ውሻ ነው፦ ዕድሜው ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ከዚያው ከካምፕ ውሻ ዘር ተወልዶ የአባቱን ሳንባና የአባቱን እግር የወረሰ፣ ነገር ግን በቆርቆሮና በእሾህ አጥር መካከል ክረምቱን እንዲያሳልፍ የተፈረደበት ጎረምሳ። በበጋ ከልጆች ጋር አንገረብ ወንዝ ወርዶ ይመለሳል፤ ገበያውን ይዞራል፤ ከባጃጅ ጋር ይሽቀዳደማል። ሰኔ ሲገባ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰረዝበታል። ማስጠንቀቂያ አልተሰጠው፣ ካሳ አልተከፈለው።

እንግዲህ ክርክሩ ይኸው ነው፦ ክረምት ላይ ባለጌ የተባለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለችውን እናት ሁላችንም እናውቃታለን። ውሻው የሚያፋታት ልጅ ስለሌለችው ጫማን ከጓደኛው ያፋታል። ጥፋቱን አንድ በአንድ ብንመረምረው እያንዳንዱ ያለ ቦታው የተሠራ ሥራ ሆኖ ይገኛል። ዶሮ ማሳደዱ አደን ነው። ጓሮ መቆፈሩ አይጥ ፍለጋ ነው። ቆርቆሮ ላይ ለወደቀ ጭራሮ ሁሉ መጮኹ ዘበኝነት ነው። ጆንያ መቦጨቁ የታደነን አውሬ መገነጣጠል ነው፤ የጆንያውን ባለቤት ባያጽናናም። ሰውና ውሻ አብረው መኖር ከጀመሩ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ይህም ማንም ሰው ዘር ዘርቶ ከማጨዱ በፊት ነው። በዕድሜ ከሄድን «እርሻ ምን አገባው ከውሻ» መባል ነበረበት። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ሲመርጥና ሲያራባ የቆየው የሚከተል፣ የሚያነፈንፍ፣ የሚያባርርና የሚጮኽ ውሻ ነው። ይህን ሁሉ ሙያ በደሙ ይዞ አራት ወር በረንዳ ላይ ተቀመጥ የተባለ ፍጡር ሙያውን ባገኘው ነገር ላይ መለማመዱ አይቀርም። ያገኘውም ኮንጎ ጫማ ነው።

የተለመዱት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ ዱላና ሰንሰለት። ዱላው የሚመጣው ጫማው ከተበላ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ውሻው በቅጣቱና በጫማው መካከል ያለውን ዝምድና የሚያገኝበት መንገድ የለውም። የሚማረው ነገር ቢኖር የቤቱ ጌታ ከሥራ ሲመለስ መሸሽ እንደሚሻል ነው። ሰንሰለቱ ጫማውን ያድናል፤ ጉልበቱን ግን የትም አያደርሰውም። የታሰረ ውሻ ክብ እየዞረ ጭቃ ያቦካል፤ ሌሊት ያላዝናል፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ደግሞ የሦስት ወር ውዝፍ በአንድ ቀን ያወራርዳል። በዚያ ላይ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው አባባል በሌላ አገር ምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የፍየል ባለቤት ሁሉ የሚያውቀው የአጥር ጥገና ማስጠንቀቂያ ነው። ተሰላችቶ የእሾህ አጥሩን የሚፈለቅቅ ውሻ በር እየከፈተ ነው፤ በተከፈተው በር ማን እንደሚገባ ማታ ይታወቃል።

ታዲያ ጭቃው ሩጫውን ከከለከለ ምን ሥራ ይሰጠዋል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የውሻን ጉልበት በእግሩ እንለካለን፤ ትልቁ መሣሪያው ግን አፍንጫው ነው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚለዩት ሕዋሶች ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ሲገመቱ የውሻው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ይህን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ቀኑን ሙሉ የአንድ በረንዳ ሽታ ብቻ ማሽተት ምን ያህል እንደሚያንገሸግሽ መገመት አያቅትም። ሻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ ነው። የቤት ውሾችን ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሶቹ የተደበቀ ምግብ በአፍንጫ እንዲፈልጉ፣ ገሚሶቹ ከጌታቸው እግር ሥር ሳይርቁ እንዲራመዱ ለሁለት ሳምንት አለማመዷቸው። ቀድመው በአንድ በኩል የሚቀመጥ ሳህን ምግብ እንዳለበት፣ በሌላ በኩል የሚቀመጠው ባዶ እንደሆነ አስተምረዋቸው ነበር። ከልምምዱ በኋላ ሳህኑን መሐል ላይ፣ አለው የለውም በማይታወቅበት ቦታ አስቀመጡት። በአፍንጫቸው ሲሠሩ የሰነበቱት ከበፊቱ ፈጥነው ወደ ሳህኑ ሄዱ፤ የሌሎቹ ፍጥነት አልተለወጠም። ሥራ ያገኙት ውሾች ተስፈኛ ሆኑ ማለት ነው። በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ባላባራበት፣ አብደራፊ ላይ ተስፈኛ ፍጡር ማግኘት በራሱ ትንሽ ሀብት አይደለም።

ዘዴው ሱቅ አያስኬድም። የማሽላ እንጀራ ፍርፋሪው ሳህን ላይ ሲሆንለት ውሻው ምራቁን ሳይውጥ ይጨርሰዋል። ያንኑ ፍርፋሪ በረንዳ ላይ በተከመረ ደረቅ ገለባና ቁርጥራጭ አገዳ ውስጥ በትነው ቢሰጡት ግን ቡና እስኪፈላ ድረስ አንገቱን አያቀናም። ገለባው ሲለመድ ፍርፋሪው በታጠፈ አሮጌ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ከተደፋ ቅል ሥር፤ ቀጥሎ አንገቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ። ሃይላንዱን ግን ፕላስቲኩን ራሱን እንዳይውጠው እያዩ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ እያየ፣ ኋላ ፊቱን አዙረውበት፣ በስተመጨረሻ ሌላ ጥግ ይደብቁለታል። የወጥ ትራፊ ለዚህ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ደብዳቢው ማን ይሁን፣ ማለቴ ደባቂው፣ ለሚለው መልሱ ልጆቹ ናቸው። በጭቃው የታሰረው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ተዘግቶ፣ ሜዳው ተቦክቶ እናታቸውን የሚያሰለቹት ልጆችም አሉ። ሁለቱን ሥራ ፈቶች አንዱን በሌላው ማስያዝ ከቤት አስተዳደር ጥበቦች ሁሉ ርካሹ ነው። ከአፍንጫ አልፎ ወደ ጆሮ መሄድ ለሚፈልግም መንገዱ ክፍት ነው። ጆን ፒሊ የተባሉ ጡረተኛ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ቼዘር የተባለችውን ውሻቸውን የ1,022 መጫወቻዎች ስም አስተምረዋት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። የእኛ ውሻ በአማካይ የሚያውቃቸው ቃላት «ሂድ»፣ «ውጣ» እና «ተው» ናቸው፤ ሦስቱም ትእዛዝ አንቀጾች። አንድ ስም ቢጨመርለት አእምሮው አይፈነዳም።

አዋቂ ተከራካሪ እዚህ ላይ «ምግቡን በነፃ መስጠት እየተቻለ ማንከራተት ግፍ አይደለም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በሳይንሱም ዘንድ ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ አይጦች አጠገባቸው የተዘጋጀ ምግብ ሞልቶ ሳለ፣ ዘንግ እየተጫኑ ሠርተው የሚያገኙትን መምረጣቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ እንስሳ ተፈትኖ በአብዛኛው ያንኑ ጠባይ አሳይቷል፤ ድመት ብቻ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ ሙከራ የነፃውን መርጣ ስሟን አስጠርታለች። ለክርክሬ ይመቸኝ ነበርና ውሻም እንደ አይጡ ነው ብል ደስ ባለኝ። በቅርቡ በቤት ውሾች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ውሻውን መሐል ላይ አስቀምጦታል፤ ሥራውን አይጠላም፣ ይሠራል፣ ነፃ ምግብ አጠገቡ ካለ ግን ከሥራው አብልጦ አይመርጠውም። ይህ እኔን አያሸንፈኝም። የአብደራፊ ውሻ ምርጫ ከቀረበለት ነፃውን ሊበላ ይችላል፤ ከበላ በኋላ ግን የቀረውን ቀን ኮንጎው ላይ ያሳልፋል። ጥያቄው ውሻው የትኛውን ቁርስ ይወዳል የሚል ሳይሆን፣ ቁርሱ ካለቀ በኋላ ምን ያደርጋል የሚል ነው።

«ሰው ሳይዝናና ውሻ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚሰማው ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚደክመውም እሱ ነው። ተቃዋሚው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሉሉን ነው፤ ያችን በቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ ስትመላለስ የኖረችውን ትንሽ ቺዋዋ። ወይም በውጭ የሚኖረው ዘመዱ በስልክ ያሳየውን ሹራብ የለበሰ ውሻ ያስታውሳል። የስዊድን ደንብ ውሻ በቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ ውጭ መውጣት አለበት ይላል፤ ስቶክሆልም የሚኖር ሐበሻ ውሻ ከያዘ በረዶም ይጣል ጨለማም ይሁን ወርዶ ያዞረዋል፤ አገር ቤት ደውሎ ይህንን ሲናገር ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መስመሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እዚያ የውሻ መጫወቻ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ከሁሉ የታወቀው ኮንግ የተባለው ወፍራም የላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ጆ ማርካም የተባለ አሜሪካዊ ውሻው የፎልክስዋገን መኪና ላስቲክ ሲያኝክ አይቶ የሠራው ነው። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ምግብ ይጠቀጠቅበታል፤ ውሻው ምግቡን ለማውጣት ይታገላል። ኮንግ ለውሻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኮንጎ ውሻው ራሱ የመረጠው። ነገር ግን የተጠየቀው ይህ ሁሉ ወጪ አይደለም። የተጠየቀው የሚጣል ፍርፋሪ፣ የሚጣል ገለባና የሚጣል ሃይላንድ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ የተቀደደ የሰሊጥ ጆንያ፣ የታነቀች ዶሮ፣ የተከፈተ አጥርና በዝናብ መሐል ጫማ ፍለጋ የሚወጣ አባወራ አሉ። ስስታም ሰው ይህን ሒሳብ ሲያይ ከለጋሱ ቀድሞ ውሻውን ሥራ ያስይዛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእምነትና ከልማድ የሚመጣ ስለሆነ በአክብሮት ነው የሚመለሰው። ውሻ ቤት አይገባም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ላይ ሳይመካከሩ ይስማማሉ። መልካም፤ አይግባ። እስካሁን የተባለው ሁሉ በረንዳ ላይ፣ ዳስ ሥር፣ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ክፈፍ በታች የሚሆን ነው። እንዲያውም መጻሕፍቱ ለውሻ የሰጡትን ቦታ ብንመለከት ክርክሩ ወደ እኛ ያደላል። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይሄዳል። በቁርኣን የዋሻው ባልንጀሮች ሲተኙ ውሻቸው ክንዶቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ላይ፣ አንዱ ደጃፍ ላይ፤ ሁለቱም ከሰዎቻቸው ሳይለዩ፣ ሁለቱም በሥራ ላይ።

ሦስተኛው፣ «የሚጫወት ውሻ አይጠብቅም» የሚለው፣ ከዘበኛ ውሻ ባለቤቶች የሚመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ውሻ ክፉ የሚሆነው ሲከፋው ነው ብለው ያምናሉ፤ ስሙንም ለጎረቤት መልእክት እንዲሆን አድርገው ነው የሚያወጡት። ግን ጥበቃ ምን እንደሚፈልግ እናስብ። ቀኑን ሙሉ በመሰላቸት ለዶሮውም ለነፋሱም ለጎረቤት ልጅ ሳልም ሲጮኽ የዋለ ውሻ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እውነተኛ ሌባ ሲመጣ ቢጮኽ ማን ይነሣለታል? ቤተሰቡ ጆሮውን በጋቢ ሸፍኖ ይረግመዋል። ውሻ ከቀንና ሌሊቱ ግማሽ ያህሉን የሚተኛ እንስሳ ነው፤ ቀን በአፍንጫው ሠርቶ የደከመ ቀን ይተኛል፣ ማታ ይነቃል፣ ሲጮኽም ይታመናል። ከልጆቹ ጋር ፍርፋሪ መፈለጉ ከሌባ ጋር አያወዳጀውም፤ ሌባው ገለባና ቅል ይዞ ካልመጣ በቀር።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉም ቀላል የሚመስለው ነው፦ «ምን አስጨነቀህ፣ ልቀቀው ይዙር!» ብዙው ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ እዚህ ግን ቀልዱ ትንሽ ይቆማል። የሚዞር ውሻ ከሚዞር ውሻ ጋር ይናከሳል፤ በንክሻው ምራቅ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ይችላል። በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የዚህ በሽታ አደጋ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ ከሞከረ ወዲህ መከላከያው የታወቀ ነው፦ ውሻውን ማስከተብ፤ የተነከሰውን ቁስል ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መድረስ። ሦስተኛው ግን መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱን በክረምት ማን እንደያዘው ከላይ ተነግሯል። ስለዚህ ክትባቱ ከሰኔ በፊት፣ ውሻውም ከሰኔ በኋላ አጥር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። እባብም አለ። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በካላዛርና በእባብ ንክሻ ሕክምና ለዓመታት የሠሩት ያለ ነገር አይደለም፤ አረሙ በጉልበት ልክ ባደገበት ሌሊት የሚልከሰከስ ውሻ ከእባቡ ጋር ለመተዋወቅ የአራሚ ሰው እጅ ያህል ዕድል አለው።

ካላዛርን ካነሣን አይቀር፣ ጠንቃቃ አንባቢ ከዚያው መልሶ ሊወጋኝ ይችላል፦ «ውሻውን ወደ ሰው ማቅረብ በሽታውን ማቅረብ አይደለም ወይ?» በ1997 ዓ.ም. ግድም በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ያን ተከትሎ በተደረገ ጥናት ውሻ ያለው ቤተሰብ ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ ሆኖ ታይቷል። ማስረጃውን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በዚያው ጥናት ከግራር ሥር ማደርም እንደ ውሻው ተከሶ ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ተውሳኩ በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ ይታመናል፤ አመላላሿም የአሸዋ ዝንብ ናት። እሷም ሌሊት የምትወጣ፣ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ የምትኖር፣ በበጋው መጨረሻ የምትበዛ ናት። የውሻው ድርሻ እስኪለይ ድረስ ብልህ ሰው ሁለቱንም ያደርጋል፦ ቀን በረንዳ ላይ ያጫውተዋል፣ ማታ መኝታውን ከሰው አልጋ ራቅ ያደርግለታል፣ ራሱም አጎበር ውስጥ ይገባል። ሥራ መስጠት ማለት አብሮ መተኛት አይደለም፤ ይህን በካምፕ ያሉት ሠራተኞችና አሠሪዎች ከጥንትም ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ይህ ሁሉ ዘዴ አያሸንፍም፤ ነጎድጓድን። የቆላ መብረቅ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ገለባው፣ ቅሉ፣ ሃይላንዱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የፈራ ውሻ አይበላም፣ የማይበላ ውሻ አይፈልግም። «አባብላችሁ ፍርሃት አታስተምሩት» የሚሉ አሉ፤ ፍርሃት ለሽልማት የሚሠራ ሥራ አይደለምና በማባበል አይጨምርም። ጅብ ሲያባርር የከረመው ጀግና በዚያ ሌሊት የሚፈልገው ጨለማ ጥግና የሚያውቀውን ሰው ሽታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ልማዱም ቢሆን ለአንድ ሰዓት ዓይኑን ይጨፍንና ደጁ ገርበብ ይደረግለት። ጠዋት ጎረቤት አይቶ «ደግሞ ውሻ ቤት ማስገባት ጀመራችሁ?» ካለ፣ በሩን ነፋስ ከፍቶት ነው ይባላል። ጎረቤትየው አያምንም፤ የእሱ ውሻም የት እንዳደረ ግን አይናገርም።